ቴስታታውና የማኅበሩ ድስት

ሐምሌ 17 ቀን 1995 ዓ.ም.፤ ቢቸና

የላንድሮቨሩን ሞተር ዛሬ ፈታሁት። መኪናው ከጨረታ ከገዛሁት ቀን ጀምሮ እያሳለና እያስነጠሰ ነው የኖረው፤ በሰኔ ጨርሶ ዝም አለ። ያየው ሁሉ የየራሱን በሽታ ይነግረኛል። እኔ ግን ዕድሜዬን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስጨርስ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ጉዳይ የሚበላሸው አቧራ ሲለብስ ነው። መኪናም ቢሆን የሚሞተው በቆሻሻ ነው።

የሞተሩን ራስ፣ ጋራዦች ቴስታታ የሚሉትን፣ አውርጄ ስገለብጠው ጥላሸት ተጋግሮበታል። ቫልቮቹም፣ ብሎኖቹም፣ ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተርም ያው ናቸው። በናፍጣ ባሻቸው ጥላሸቱ ንቅንቅ አላለም። እናቴ የተቃጠለ ዕቃ በአመድ ውሃ ቀቅላ ስታነጻ አይቼ አድጌአለሁ። ነገ እንደዚያው ይደረጋል። የጎደለኝ ትልቅ ዕቃ ብቻ ነው።

ሐምሌ 18

ትልቅ ዕቃ ተገኘ። የሐምሌ ማርያም ጽዋ የባለቤቴ የማናለሽ ተራ ስለሆነ የሴቶቹ ማኅበር ብረት ድስት እኛ ቤት መጥቷል። ማናለሽ ጌሾ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ሳትመለስ አጥቤ አስቀምጠዋለሁ ብዬ ነው። ቴስታታው ስላልገባበት ካርቡራተሩንና ጥቃቅኑን ሁሉ ጨምሬ፣ በወፍራም የአመድ ውሃ ጥጄ፣ ሲንተከተክ አይቼ ወደ ቢሮ ሄድኩ። ችሎት ነበረን።

ችሎቱ ረዘመ።

ሐምሌ 19

አመድ ብረትን አይነካም። አሉሚኒየምን ግን ይበላል፤ ካርቡራተሩም፣ ብረት ድስት የምንለውም አሉሚኒየም ናቸው። ይኼን የሚያውቅ ቢቸና ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ አላውቅም፤ እኔ እስከ ትናንት ድረስ ከማያውቁት ወገን ነበርኩ። ቫልቮቹና ብሎኖቹ ጥሩ ሆነዋል። ካርቡራተሩ አይጥ ያገኘው ዳቦ መስሏል። ድስቱ ውስጡ ጠቁሯል፤ ቂጡም ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ።

ማናለሽ ቆማ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ድሮም ስስ ነበር» አልኳት። ፊቷ የተለወጠው ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት አልነበረም።

«የእትዬ አመተ ሥላሴ ድስት ነው። ሲሞቱ ለማኅበሩ የተናዘዙት ነው» አለችኝ።

ይኼንን አውቅ ነበር። ኑዛዜውን መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 21

ጽዋው ጎረቤታችን ሰብለ ወንጌል ቤት ሆነ። የሷ ተራ የመስከረም ማርያም ነበር፤ ከማናለሽ ጋር ተለዋወጡ ተባለ። ስለዚህ መስከረም 21 የኛ ነው። ጥሩ ነው፤ ጊዜ አለ።

ማናለሽ ማኅበሯ አጥር ተሻግሮ ሲዘምር እቤት ዋለች። ማኅበርተኛ ከሆነች ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ጠላው ተጠምቆ ነበርና ወደዚያ ተላከ። ለእኔ አልተቀዳልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሐምሌ 22

ማናለሽ ሞጣ ሄደች። እህቷን ወይንእሸትን አሟታል። ጉንፋን ነው መሰለኝ። ጉንፋን የያዘውን ሰው ለመጠየቅ ትልቁን ሻንጣ መያዝ ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኳትም። አውቶቡሱ ላይ ሻንጣውን እኔ ነኝ የሰቀልኩላት። «ድስቱን እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለችኝ በመስኮት።

«አትጨነቂ፣ ካርቡራተር ይገኛል» አልኳት።

ሐምሌ 28

ቴስታታውን አልጋ ላይ አደረግሁት። ቤቱ በዝናቡ ርሷል፤ ደረቅ ቦታ የተገኘው በማናለሽ በኩል ብቻ ነው። ከሥሩ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፌአለሁ። ጥላሸቱን በእንጨት ስንጣሪ እፍቃለሁ፣ በላምባ አርሳለሁ፣ በጥርስ ብሩሽ አሻለሁ። የጥርስ ብሩሹ የራሴ ነው።

ሲመሽ እዚያው ይተኛል። ከባድ ስለሆነ ፍራሹ በዚያ በኩል ዝቅ ይላል። ዞር ባልኩ ቁጥር ሰው ያለ ይመስለኛል።

ነሐሴ 3

ፍርድ ቤቱ ለክረምቱ ተዘጋ። ጾመ ፍልሰታም ገባ። እየጾምኩ እፍቃለሁ።

አብዱራዛቅ መጥቶ ነበር። የሞጣ ልጅ ነው፤ በአይሱዙው እህል ጭኖ በግንደወይንና በደብረ ወርቅ በኩል ወዲህ ይመላለሳል። የማናለሽ እህት ጎረቤት ነው።

«ጋሽ የኔሰው፣ እትዬ ማናለሽ ሰላም በልልኝ ብለዋል።»

«እህቷ ተሻላት?»

«ማን? ወይንእሸት? ምን ሆኑና?» አለ። ከዚያ ፊቴን አይቶ፣ «አዎ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተሻላቸው» አለ። ጨዋ ልጅ ነው። «ደግሞ ‹ድስቱ እንዴት ሆነ?› ብለዋል።»

ቴስታታው ግማሹ እንደነጻ ንገራት አልኩት።

ነሐሴ 9

በአጥሩ በኩል የሰማሁት። ሰብለ ወንጌል ከእማሆይ ወለተ ሐና ጋር ቆማ ነው። እማሆይ የሴቶቹን ማኅበር በሙሴነት የሚመሩት ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አይሆንላቸውም።

«ያ ግቢ ካልነጻ እግሬን ወደዚያ አላነሳም። መስከረም ይምጣ እንጂ።»

«ኧረ እማሆይ፣ ማናለሽ ምን አጠፋች?»

«እሷማ ምን ታድርግ! ከኛ ወጥታ ቀረች እንጂ። ሰውየው አንድ ቀን መጥቶ ‹አጥፍቻለሁ› ቢል ምን ነበረበት? መኪና ያጥባል አሉ።»

ልክ አይደለም። መኪናውን አላጠብኩትም። የማጸዳው ሞተሩን ነው፤ ልዩነት አለው። በአጥሩ በኩል ላስረዳቸው አስቤ ነበር፤ ግን እሰማ እንደነበር ይታወቅብኛል።

ነሐሴ 13

አባ ሣህለ ማርያምን፣ የነፍስ አባታችንን፣ ቤት ጠራኋቸው። ኩርፊያ የሄደች ሚስት በራሷ እግር አትመለስም፤ ሽማግሌ ተልኮ ነው የምትመጣው። ሞጣ ድረስ ሄደው እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው። ኩርፊያ ግን አላልኩም። «እንግድነቷ ስለረዘመ» ነው ያልኩት።

አባ አልጋው ላይ ያለውን ቴስታታ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«የሞተሩ ራስ ነው አባ። በዚህ በኩል ያለውን ይንኩት። እንደ መስታወት ነው።»

ነኩት። «እውነትም አንጽተኸዋል» አሉ። ደስ አለኝ። ከዚያ፣ «ድስቱስ የት አለ?» አሉ።

ጓዳ ነው፣ ድሮም ስስ ነበር አልኳቸው።

«ሞጣስ እሄድልሃለሁ። ግን ሚስትህ የታረቀችህ እንደሆን ወዴት ልትመለስ ነው? ቤቷ ቢቸና ነው፤ ቢቸና ላይ ደግሞ ቀና ብላ የምትሄደው ከማኅበሯ ጋር ነው። ድስቱ የማኅበር ነው። ይቅርታውም ከማኅበሩ ይጀምራል። ድንጋይ ተሸክመህ ሴቶቹ ፊት ትቆማለህ፤ እኔም ከኋላህ እቆማለሁ።»

ድንጋይ መሸከም ደም ለተቃቡ ሰዎች ነው፣ ለድስት አይደለም አልኳቸው። ለድስት ድንጋይ መሸከም በሕግም የለም። አባ በሕጉ ላይ አልተከራከሩም። መቋሚያቸውን አንስተው ወጡ።

ነሐሴ 20

አብዱራዛቅ።

«ቴስታታው ግማሹ ነጽቷል ብዬ ነገርኳቸው፣ ጋሽ የኔሰው።»

«ምን አለች?»

«‹ድስቱን ነው የጠየቅኩት› አሉ።»

ቫልቮቹ እንዳለቁ፣ አሁን የቀረው ካርቡራተር ብቻ እንደሆነ ንገራት አልኩት። ላንድሮቨሩ እንደተነሳ ራሴ ነድቼ እወስዳታለሁ፤ ከፊት አስቀምጬ፣ ወንበሩ ላይ ቁጢጥ የሚሉትን ዶሮዎች አስወርጄ። አብዱራዛቅ የሞጣ መንገድ ጭቃው እስከ ጎማ ነው አለኝ። ስለ ጭቃው አልጠየቅኩትም።

ነሐሴ 27

ምንም የለም። ዘነበ። ሽሮ ሠራሁ፤ አረረ። በአመድ አሸሁት። የሸክላ ድስት ነው፣ አመድ ግድ የለውም።

ቤቱ ዝም ሲል የምወድ ሰው ነበርኩ። እንዲህ ዝም ይላል አላልኩም ነበር።

ጳጉሜን 3

ዛሬ ሩፋኤል ነው። የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው፤ ልጆቹ ሁሉ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ራቁታቸውን ይጠመቁበታል። ከሰዓት በኋላ ወረደ። እኔም አንገቴን አውጥቼ ራሴን አስመታሁ። ከዚያ ትንሽ አሰብኩና ቴስታታውን አውጥቼ ደጅ አስቀመጥኩት። ቫልቮቹንም። በዚህ ላይ በረከት ቢጨመርበት የሚጎዳ ነገር አልታየኝም።

ጳጉሜን 4

ዝጓል። ሁሉም። ጸበሉ ጸበል ቢሆንም ውሃ ነው።

ጳጉሜን 6

ዝገቱን በሎሚና በብርጭቆ ወረቀት አወረድኩት። እጄ ቆስሏል። እንዳይዝግ ቅባት ያስፈልገዋል፤ ጓዳ ውስጥ ማናለሽ አንጥራ ያስቀመጠችው ቅቤ አለ። ክዳኑን ከፍቼ ጣቴን ልነክር ስል ማንንም እንዳላስፈቀድኩ ትዝ አለኝ። ድስቱንም አላስፈቀድኩም ነበር። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩትና በኑግ ዘይት ቀባሁት። ኑጉን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ቅቤው አጠገብ ድስቱ ተደፍቶ ነበር። አላነሳሁትም።

መስከረም 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

አብዱራዛቅ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞልኝ መጣ። ብፈታው ካርቡራተር ነው። ያገለገለ ነው፤ ግን ደህና ነው፤ ልኩም የኛው ነው።

«ይኼን ማን አገኘው?»

«እትዬ ማናለሽ ናቸው። ሞጣ ውስጥ ያሉትን ጋራዦች ሁሉ ዞሩ። ስሙን አያውቁትማ። ‹አይጥ የበላው የሚመስል፣ ሳይበላ በፊት የነበረውን ስጡኝ› ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ራሳቸውም ሳቁ።»

ካርቡራተሩ የተበላ ቀን እኔ ያልኩትን ነው የደገመችው። ያን ቀን የምትሰማኝ አልመሰለኝም ነበር።

«ሌላስ ምን አለች?»

አብዱራዛቅ የአይሱዙውን በር እንደያዘ መሬት መሬት አየ። «‹አሁንስ ድስቱ?› ብለዋል።»

እንቁጣጣሽ እንኳን አደረሰሽ በልልኝ አልኩት። ከሄደ በኋላ ካርቡራተሩን ይዤ ደጃፉ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ናፍቃኛለች። ይኼን እዚህ ብጽፈው ምን እሆናለሁ? ናፍቃኛለች።

መስከረም 8

ድስቱን ከጓዳ አወጣሁት። በሎሚ አሸሁት፣ በገለባና በደቃቅ አሸዋ አሸሁት፤ ጥቁረቱ ለቀቀ። የማላውቀው ሥራ አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ ስሠራው ነው የከረምኩት። ጆሮው ሥር የእትዬ አመተ ሥላሴ ምልክት፣ በሚስማር የተወቀረች መስቀል፣ ብቅ አለች።

ከዚያ ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ብርሃኑ በስንቱ ቦታ ነው የገባው! በጣቴ ዳሰስኩት። ቀዳዳ በሌለበት ወፍራም ነው። ስስ አልነበረም።

የነጻ ነገር ሁሉ ይሠራል ብዬ ነበር። ይኼ ነጽቷል፣ አይሠራም።

መስከረም 12

አባ ሣህለ ማርያም ዘንድ ሰው ላክሁ። እሸከማለሁ አልኩ።

የመስቀል ማግስት፣ እማሆይ ቤት፣ አሉኝ።

መስከረም 16

ለደመራው ችቦ ሳስር በአጥሩ ማዶ ሳቅ ሰማሁ። ሳቁን አወቅሁት። ማናለሽ፣ አባ ልከውባት መሰለኝ፣ ከሞጣ መጥታለች፤ ያረፈችው ሰብለ ወንጌል ቤት ነው። ቤቷ ከአጥሩ ወዲህ ሳለ እንግዳ ሆና ጎረቤት አረፈች።

አጥሩ ጋ ሄድኩ። ምን እንደምል አላወቅሁም። «ካርቡራተሩ ልኩ ነው» አልኩ በአጥሩ።

ሳቁ ቆመ። «ደግ» አለች።

መስከረም 18

ጠዋት ድንጋይ ልመርጥ ወጣሁ። የግቢው ድንጋይ ሁሉ ጭቃ ነው፤ ሸማዬን ያበላሻል። ተመልሼ ስገባ ቴስታታው አልጋው ላይ ያበራል። ከድንጋይ ይከብዳል፤ ለይቅርታ ከከበደ ይሻላል አልኩ። ይኼ እውነት ነው፤ ግን ሁሉም እውነት አይደለም። ሴቶቹ እንዲያዩት ፈልጌ ነበር። ክረምቱን ምን ስሠራ እንደከረምኩ ማንም አላየልኝም። ማታ መልሼ ገጥሜው፣ በካርቡራተሩ አስነስቼው፣ ማናለሽን በመኪናው አሳፍራታለሁ ብዬም አስቤ ነበር።

አባ ሣህለ ማርያም አንገቴ ላይ ያለውን አዩና አማተቡ። ድስቱን እሳቸው ያዙልኝ።

ሴቶቹ በእማሆይ ደጅ ተቀምጠው ነበር። በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። ጎንበስ ያለ ሰው የሚታየው እግር ብቻ ነው። የማናለሽን እግር ከዳር አገኘሁት፤ የላስቲክ ጫማዋ የሞጣ ጭቃ እንደያዘ ነው።

«ስለ ማርያም ይቅር በሉኝ» አልኩ።

«የተሸከመው ምንድን ነው?» አሉ እማሆይ ወለተ ሐና።

«የመኪናው ራስ ነው» አለች ሰብለ ወንጌል።

«ያ የተቀቀለው?»

«አልተቀቀለም፣ እማሆይ። ይኼ የታሸው ነው» አልኩ ከታች።

«ዝም በል፤ የተሸከመ ሰው ተጠይቆ ነው የሚመልስ» አሉኝ አባ ከኋላዬ።

ሴቶቹ መነጋገር ጀመሩ። ስለ ድስቱ፣ ስለ እትዬ አመተ ሥላሴ፣ በየትኛው ዓመት ምን ወጥ እንደተሠራበት ተነጋገሩ። ወገቤ ተንቀጠቀጠ። ድንጋይ ቢሆን ቀለል ያለ መምረጥ እችል ነበር።

«እህ፣ ድስቱን ምን አደረግኸው?» አሉ እማሆይ በመጨረሻ።

«ድስቱ ድሮም...» አልኩና ቆምኩ። የላስቲክ ጫማዎቹ ወደ ኋላ ትንሽ ተሳቡ። «ድስቱ ድሮም ደህና ነበር። ወፍራም ነበር። ሳላስፈቅድ ወስጄ፣ በአመድ ቀቅዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያን ሳልናገር ቀርቼ ሚስቴን አሳፈርኳት። ማናለሽ ምንም አላጠፋችም።»

ከዚያ እማሆይ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ሌሎቹም ተከተሉ፦ ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ይቅር ለእግዚአብሔር። ከዳር የመጣውም ድምፅ፣ ከሁሉ በኋላ፣ ይኼንኑ አለ።

«በል ጣለው» አሉ እማሆይ።

ቀስ ብዬ ተንበረከክሁና ላስቀምጠው ጎኔን አዘነበልኩ።

«ምን እያደረገ ነው?»

«ሊያስቀምጠው ነው መሰለኝ» አለች ሰብለ ወንጌል።

«አንተ! ይቅርታ የተባለ ሸክም ይጣላል እንጂ ይቀመጣል እንዴ? መልሰህ ልትሸከመው ነው? ተነስተህ ጣለው።»

ተነሳሁ። የበሩ ደጃፍ ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ቴስታታው ቀልጦ የተቀዳ ብረት ነው፤ እንዲህ ያለ ብረት ከዚህ ከፍታ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አሁን ቀና ብያለሁና ማናለሽን አየኋት። እኔን አይደለም የምታየው። ቴስታታውን ነው የምታየው፤ ዘይቱን፣ የተፋቀውን፣ የጠራውን፣ በየጉድጓዱ የገባሁበትን። ምን ያህል እንደታሸ ከዚያ ሁሉ ሰው የገባት እሷ ብቻ ናት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ተው አላለችኝም፤ ጣለውም አላለችኝም።

ጣልኩት።

ድምፁ መጀመሪያ እንደ ደወል ነበር፤ መጨረሻው ግን እንደ ደወል አልነበረም። ሴቶቹ እልል አሉ። መኪናው ከተገዛ ወዲህ እልልታ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

ማናለሽ ማታውኑ ሻንጣዋን ይዛ በአጥሩ በር ገባች። አልጋውን አይታ፣ «ይኼ ሁሉ ዘይት ምንድን ነው?» አለች። እኔም አንሶላ ፍለጋ ገባሁ።

መስከረም 21

ጽዋው እኛ ቤት ሆነ። ወጡ ከየቤቱ በተዋጣ ትንንሽ ድስት ተሠራ። እማሆይ የእትዬ አመተ ሥላሴን ድስት አገላብጠው አዩና፣ «ውሃ ባይዝ እህል ይይዛል፤ የማኅበሩን ስንዴ እንሰፍርበታለን» አሉ። ማናለሽ ደግሞ ለፋሲካ አዲስ ድስት እናመጣለን አለች። እናመጣለን ነው ያለችው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ለእኔም ተቀዳልኝ።

መስከረም 23

ቴስታታውን ትናንት የአብዱራዛቅ ሰዎች ከእማሆይ ደጅ አምጥተው ግቢያችን ጥለውት ሄዱ። ዳግም ላየው አልወጣሁም፤ ሲወድቅ አይቼዋለሁ። ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ነው፤ የሚበየድም አይደለም። ካርቡራተሩን በጋዜጣው ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ማናለሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ቴስታታውን ፊቷ አድርጋ፣ በገለባና በአመድ ታሸዋለች። የቫልቭ መቀመጫዎቹን በጣቷ እየዞረች ነው። እኔ ስፍቅ ጭንቅላቴን የማዘነብልበትን አቅጣጫ ሳይቀር አግኝታዋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ግቢ ሲጥሉት ጭቃ ነክቶታል።»

«ተሰንጥቋል እኮ፣ ማናለሽ። ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም።»

«አውቃለሁ» አለች እጇን ሳታነሳ። «ታዲያ ቆሽሾ ይቀመጥ?»

ሌላ በርጩማ አምጥቼ በወዲያ በኩል ያዝኩላት።